ስለ ሊቁ ስለ አጵሎስ፤ የተሰጠንን ስጦታ ልክ ስለ ማወቅ

ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ በግብረ ሐዋርያት በ18ኛው ምዕራፍ መጨረሻ የአንድ ሊቅ ታሪክ በ5 ቍጥር ብቻ ጽፎ ያልፋል። ታሪኩ አጭር ስለ ሆነ ብዙ ሰው ያነበዋል እንጂ ቆሞ አይመረምረውም። ነገር ግን በእነዚህ በ5ቱ ቍጥሮች ውስጥ፥ የዕውቀት ወይም የንግግር ወይም የሥልጣን ስጦታ ለተቀበለ ሰው ሁሉ ሳይደርስበት የማይቀር አንድ ቀን ተጽፎ ይገኛል። ይህም ሰው የስጦታውን ዳርቻ የሚያይበት ቀን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ስጦታው ወሰን የሌለው ይመስለዋል፤ በዚያ ቀን ግን እስከዚህ ድረስ ተሰጥቶኛል፥ ከዚህ ወዲያ አልተሰጠኝም ብሎ ያውቃል። ቀኑ መራራ ነው። መራራነቱም ለአንዱ እንደ ኮሶ መድኀኒት ይሆንለታል፥ ለሌላው እንደ መርዝ ይሆንበታል። ይህን የሚለየው ምንድር ነው ቢሉ፥ ከአጵሎስ ታሪክ እንማራለን።

አጵሎስ ትውልዱ ከአይሁድ፥ አገሩ እስክንድርያ ነው። እስክንድርያ ታላቁ እስክንድር ከጌታ ልደት 331 ዓመት ያህል አስቀድሞ የመሠረታት፥ በመጻሕፍት ቤቷ በዓለም ሁሉ የታወቀች፥ ሰብዓ ሊቃናት ብሉይን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርእ መለሱባት እየተባለ የሚነገርላት ከተማ ናት። ስለዚህ ከእስክንድርያ የመጣ ሊቅ ወደ ኤፌሶን ምኵራብ በገባ ጊዜ፥ ዕውቀትን ከምንጩ የጠጣ ሰው ተብሎ ይከበር ነበር። ሉቃስም ምስጋናውን አላጐደለበትም። አንደበቱ ያማረ፥ በመጻሕፍት ዕውቀት የበረታ፥ የጌታን መንገድ የተማረ፥ በመንፈስ የሚቃጠል፥ ስለ ጌታም በትክክል የሚያስተምር መሆኑን ይመሰክርለታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን አንዲት ነገር ያስከትላል፤ አጵሎስ የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበረ።

እንግዲህ አጵሎስ ሐሰት አስተማረ ማለት ነውን ቢሉ፥ አይደለም። የዮሐንስ ጥምቀት እውነተኛ ነበረ፤ የተላከውም ከእግዚአብሔር ነው። የአጵሎስ ጕድለት እውነቱን እስከ አንድ ስፍራ ድረስ ማወቁ፥ ከዚያም ወዲያ ያለውን አለማወቁ ነው። ምሳሌውም እንዲህ ነው። ከዐባይ ወዲህ ያለውን አገር መንደር በመንደር፥ ምንጭ በምንጭ የሚያውቅ መንገድ መሪ መንገደኛውን እስከ ወንዙ ዳር በደኅና ያደርሰዋል። በተናገረው ሁሉ አልዋሸም። ነገር ግን አገሩ በወንዙ ዳር ያለቀ መስሎት መንገደኛውን እዚያው ቤት ሥራ ቢለው፥ የማያውቀውን ስፍራ እንደሌለ ቈጥሮታልና ያሳስተዋል። ሊቅን የሚያስተው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ከማያውቀው ይልቅ አጥርቶ የሚያውቀው ነገር ዐይኑን ይይዝበታል።

ደግሞ ያማረ አንደበት ጕድለትን ይሸፍናል። ንግግሩ የሚጐተት ሰው ዕውቀቱ ባለቀበት ስፍራ ይቆማል፥ ሰሚውም መቆሙን ያያል። ንግግሩ እንደ ወንዝ የሚፈስስ ሰው ግን ዕውቀቱ ካለቀ በኋላም ቃሉ አያልቅም። ስለዚህ የስጦታው ብርታት ራሱ ዳርቻውን ይሰውርበታል። አጵሎስ በምኵራብ ቆሞ በድፍረት ሲናገር ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ጕድለቱን አይተው ወደ ቤታቸው የወሰዱት 2 ሰዎች ብቻ እንደ ሆኑ ተጽፏል። እነዚህም ባልና ሚስት፥ አቂላና ጵርስቅላ ናቸው።

አቂላ ጳንጦስ ከሚባለው አገር የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ ከሚስቱ ጋራ በሮሜ ይኖር ነበረ። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ41 እስከ 54 ዓመተ ምሕረት የነገሠው ቀላውዴዎስ ቄሣር አይሁድ ከሮሜ ይውጡ ብሎ ባዘዘ ጊዜ ተሰደው ወደ ቆሮንቶስ መጡ። የእጃቸው ሥራ ድንኳን መስፋት ነበረ። ቅዱስ ጳውሎስም ሥራው ይኸው ስለ ነበረ በቤታቸው ተቀምጦ ከእነርሱ ጋራ ይሠራ ነበረ፤ በቆሮንቶስም 1 ዓመት ከ6 ወር ቆየ። ከዚያም ሲነሣ እስከ ኤፌሶን ተከትለውት መጡ፥ በዚያም ተዋቸው። እንግዲህ የእስክንድርያው ሊቅ ያላገኘውን ትምህርት ያገኙት፥ ከሐዋርያው ጋራ አብረው ሲሠሩና አብረው ሲኖሩ ነው። የእጅ ሥራን የሚንቅ ሰው ይህን ያስተውል። ዕውቀት በጉባኤ ወንበር ብቻ የምትቀመጥ የሚመስለው ሰው፥ ዳርቻውን የሚያሳየው መምህር በድንኳን ሰፊ ልብስ በመጣ ጊዜ ሳያውቀው ያልፈዋል።

አሁን ያደረጉትን እንመልከት። በምኵራብ ተነሥተው አልተቃወሙትም፤ ሕዝቡም ሲወጣ በደጅ ቆመው አላሙትም። ለብቻው ወሰዱት፥ የእግዚአብሔርንም መንገድ ከቀድሞው አብልጠው ገለጡለት። ለብቻው መውሰዳቸው ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ስለ ክብሩ ነው። በአደባባይ የታረመ ሰው ጆሮው ወደ እውነት ከመዘንበል ይልቅ ወደ ሚሥቁበት ይዘነብላልና። አንድም፥ ስለ ሰሚዎቹ ነው። ሕዝቡ መምህሩ ሲዋረድ ባየ ጊዜ ከጐደለው ጋራ ያልጐደለውንም ይጥላልና። አንድም፥ ስለ ራሳቸው ነው። ታላቅን ሊቅ በሰው ፊት ማረም ለአራሚው ጣፋጭ ነውና፥ ይህ ጣፋጭ በልባቸው እንዳይገባ ከሰው ዐይን ራቁ። ሦስቱም መልካም ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ለሚያርሙ ሰዎች ይበልጥ ያስፈልጋል። የሰውን ዳርቻ ማየት ቀላል ነው። አሳይቶ ራስን ከፍ አለማድረግ ግን ጭንቅ ነው።

አጵሎስ ምን መለሰላቸው? ሉቃስ ቃሉን አልጻፈም፥ ፍሬውን ግን ጽፎልናል። ከዚህ በኋላ ወደ አካይያ ሊሻገር በወደደ ጊዜ ወንድሞች ይቀበሉት ዘንድ ደብዳቤ ጻፉለት፤ በደረሰም ጊዜ ያመኑትን እጅግ ረዳቸው። ባማረ አንደበቱ በምኵራብ ብቻውን ቆሞ የነበረው ሰው አሁን በወንድሞች ምስክርነት ይሄዳል። ከስጦታው ምን ጐደለበት? አንደበቱ አልታሰረም፥ የመጻሕፍት ዕውቀቱም አልተወሰደበትም። በትክክል ያስተምር የነበረው አሁን አብልጦ በትክክል ያስተምራል። ከትክክል በላይ ትክክል አለን ቢሉ፥ አዎን አለ። ክፍሉ ትክክል ሲሆን ምሉው ይበልጠዋልና። ዳርቻውን ያየና የተቀበለ ሰው፥ ከዳርቻው ወዲያ ላለው አገር መሪ ያገኛል።

ነገሩ የአጵሎስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥቂት በሆነ ነበር። መምህር ግን ብቻውን አይጐድልም። በቀጥታ በሚከተለው በ19ኛው ምዕራፍ፥ ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ተመልሶ 12 የሚያህሉ ሰዎች አገኘ፤ እነዚህም የተጠመቁት በዮሐንስ ጥምቀት ብቻ ነበረ፥ መንፈስ ቅዱስ መኖሩንም አልሰሙም። የአጵሎስ ደቀ መዛሙርት ነበሩ ብሎ መጽሐፉ አይናገርም። ነገር ግን በዚያው ከተማ፥ በዚያው ዳርቻ ቆመው ተገኙ። ይህን የሚያነብ መምህር ሁሉ ልቡ ሊመታ ይገባዋል። የመምህሩ ዳርቻ ለተማሪው አጥር ይሆንበታል፤ ተማሪውም አጥሩን የዓለም መጨረሻ አድርጎ ለተማሪው ያስተላልፈዋል። የዳኛም እንዲሁ ነው። የፍርዱን ልክ የማያውቅ ዳኛ በራሱ ላይ ብዙ ጕዳት አይደርስበትም፤ የሚጐዳው ርስቱን በግፍ ያጣው ድኻ ነው። ስለዚህ ልክን ማወቅ ሰው ለራሱ ነፍስ ጌጥ ብቻ አድርጎ የሚይዘው ትሕትና አይደለም፤ ለሰው የሚከፈል ዕዳ ነው።

በዚያችው በኤፌሶን፥ በዚያው በ19ኛው ምዕራፍ፥ ሌላ የመዋረድ ታሪክ ተጽፏል። አስቄዋ የሚባል የካህናት አለቃ 7 ልጆች ነበሩት። ጳውሎስ አጋንንትን ሲያወጣ ባዩ ጊዜ፥ እነርሱም ጳውሎስ በሚሰብከው በኢየሱስ ስም እያሉ ጋኔን በያዘው ሰው ላይ ይጠሩ ጀመር። ጋኔኑም ኢየሱስንና ጳውሎስን እንደሚያውቅ፥ እነርሱን ግን እንደማያውቅ ተናገረ። ሰውዬውም ዘልሎ ያዛቸው፥ አሸነፋቸውም፤ ቈስለው፥ ዕራቍታቸውን ከዚያ ቤት ሸሹ። ነገሩም በኤፌሶን ሁሉ ተሰማ። ጥንቈላ ያደርጉ ከነበሩትም ብዙዎቹ መጽሐፋቸውን አምጥተው በሰው ፊት አቃጠሉ፤ ዋጋውም ቢቈጠር 50,000 ብር ሆኖ ተገኘ።

ሁለቱን አስተያዩ። አጵሎስም የአስቄዋ ልጆችም ዳርቻቸውን ያዩት በአንድ ከተማ ነው። አጵሎስ ግን የነበረው የራሱ ነበረ፥ የጐደለውም ጕድለቱ ነበረ፤ ስለዚህ በተሰጠው ላይ ተጨመረለት። የአስቄዋ ልጆች የያዙት የሌላ ሰው ነበረ። ስሙን የሚያውቁት በጳውሎስ በኩል በወሬ ነው። በተውሶ ልብስ ያጌጠ ሰው ባለቤቱ በመጣ ጊዜ ዕራቍቱን ይቀራል። እንግዲህ ሰው ዳርቻውን በቤት ውስጥ፥ በወዳጅ ፊት ለማየት እንቢ ያለ እንደ ሆነ፥ በአደባባይ፥ በጠላት ፊት ያየዋል። ማየቱስ አይቀርም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ይህን ሰምቶ ወደ ሌላው ገደል የሚወድቅ አለ። ልኬ ጥቂት ከሆነስ ባልናገር፥ ባልጽፍ፥ ባልፈርድ ይሻለኛል የሚል ሰው ነው። ስለ እርሱ ደግሞ በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ምሳሌ ተነግሯል። ጌታው ለአንዱ ባሪያ 5 መክሊት፥ ለሁለተኛው 2፥ ለሦስተኛው 1 ሰጠ፤ ለእያንዳንዱ እንደ ችሎታው ነው። አንባቢዎች ሆይ፥ አንዱ መክሊት ጥቂት እንዳይመስላችሁ። መክሊት በዚያን ዘመን 6,000 ዲናር ነበረ፤ 1 ዲናርም የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው አንዱን መክሊት ለማግኘት 20 ዓመት ይደክማል። እንግዲህ ያ ሦስተኛው ባሪያ ባለጠጋ ነበረ። ድኻ የመሰለው በባልንጀራው 5 መክሊት አጠገብ ስለ ቆመ ነው። ልክን ማወቅና ራስን መናቅ አንድ አይደሉም። ልኩን ያወቀ፥ ይህን ያህል አለኝ ብሎ ያወጣዋል፥ ይነግድበታል። ራሱን የናቀ ግን ሳይቈጥር ይቀብረዋል። ትዕቢተኛውና ቀባሪው ተቃራኒዎች ቢመስሉም፥ ሁለቱም የተሰጣቸውን አልቈጠሩምና በአንድ ነገር ይገናኛሉ።

ዳርቻ በዕውቀት ብቻ አይደለም፥ በጕልበትና በጊዜም አለ። በኦሪት ዘጸአት በ18ኛው ምዕራፍ ሙሴ ለሕዝቡ ሲፈርድ ከጧት እስከ ማታ በፊቱ ቆመው ይውሉ እንደ ነበረ ተጽፏል። ከግብፅም የወጡት ከሕፃናት በቀር 600,000 ያህል እግረኛ ወንዶች ነበሩ። ሙሴ ሲፈርድ አልበደለም፥ ጉቦም አልበላም። ነገር ግን አማቱ ዮቶር የምድያም ካህን መጥቶ ይህን ባየ ጊዜ፥ አሠራሩ መልካም አለመሆኑን፥ እርሱም ሕዝቡም እንደሚደክሙ ነገረው። በ1,000፥ በ100፥ በ50፥ በ10 ላይ አለቆች እንዲሾም፥ ቀላሉን ነገር እነርሱ እንዲፈርዱ፥ የከበደውን ብቻ ወደ እርሱ እንዲያመጡ መከረው። ሙሴ ባሕርን የተሻገረ፥ ከእግዚአብሔር ጋራ የተነጋገረ ነው፤ መካሪው ግን ከእስራኤል ወገን ያልሆነ እንግዳ ሰው ነው። ቢሆንም ሙሴ ሰማው፥ ያለውንም ሁሉ አደረገ። ሁሉን በእጄ ካላደረግሁ ነገሩ ይበላሻል የሚል ሹም ይህን ደጋግሞ ያንብብ። የሚያሳዝነው የእርሱ ድካም ብቻ አይደለም። ከጧት እስከ ማታ ቆሞ፥ ነገሩ ሳይታይለት የሚመለሰው ባለ ጉዳይ ድካም ይበልጣል።

የአገራችን የአብነት ትምህርት ቤት ሥርዐትም ሰው ዳርቻውን እያየ እንዲያድግ የተሠራ ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ሲቈጥር አድሮ ለመምህሩ ሊነግር ይመጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ያማረው ነገር በመምህሩ ፊት አንዲት ቃል ስትነሣበት ይፈርሳል። ከ2 ቤት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ 8 ቤት እስከ መወድስ ሲደርስ፥ በየደረጃው ትናንት በቅቶኛል ያለው ሁሉ ዛሬ እንደማይበቃው ያያል። ሁሉን ፈጽሞ ቅኔ የተመረቀ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ወደ ዜማ ቤት ወይም ወደ መጻሕፍት ቤት ሲገባ እንደ ገና ጀማሪ ነው። በአንዱ ጉባኤ አስነጋሪ የነበረው፥ በሌላው ጉባኤ በዕድሜ ከሚያንሱት ልጆች በታች ተቀምጦ ይማራል። ይህ ሥርዐት ለውርደት አልተሠራም። አንድ ሰው አንዱን ዐውቆ ሁሉን ያወቀ እንዳይመስለው አባቶች ያኖሩት አጥር ነው።

ስለ ማሕሌታዊው ስለ ቅዱስ ያሬድም የሚነገረው ይህን ያስረዳል። በዓሉ ግንቦት 11 ቀን የሚውለው ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረ ነው። በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፥ መምህሩ ቢቈጣው ሸሽቶ ሄደ፤ በመንገድም ከዛፍ ጥላ ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ወደ ዛፉ ሊወጣ ደጋግሞ ሲወድቅ፥ በመጨረሻም ሲወጣ አየ። ይህን ሲተርኩ ብዙ ሰዎች ስለ ትጋት ብቻ ይናገራሉ። ትጋቱስ እውነት ነው። ነገር ግን ያሬድ ከዚያ በኋላ ወዴት ሄደ? ወደ ሸሸው መምህር ተመለሰ። ከትሉ ትጋትን ተማረ፤ ወደ መምህሩ በመመለሱ ደግሞ ብቻውን እንደማይወጣ መሰከረ። ግዕዝን፥ ዕዝልንና አራራይን የሰጠን ያ ትምህርት አይገባውም የተባለው ልጅ ነው። ዳርቻውን በአንድ በኩል ያየ ሰው፥ ስጦታው በሌላ በኩል ሰፊ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

እንግዲህ ሰው ዳርቻው ላይ መድረሱን በምን ያውቃል ቢሉ፥ ምልክቶቹ 3 ናቸው። ፊተኛው፥ ሲጠይቁት መልሱ ሳይጨምር ድምፁ ከጨመረ ነው። ሁለተኛው፥ ከጠየቁት ትቶ ወደ ሚያውቀው ከሸሸ ነው። ሦስተኛው፥ የሚያርመውን ሰው ቃል ሳይመረምር ማንነቱን የመረመረ እንደ ሆነ ነው። አጵሎስ ድንኳን ሰፊዎች፥ አንዲቱም ሴት ናት ብሎ ቢያስብ ኖሮ ከኤፌሶን እንደ ገባ በወጣ ነበር። ጵርስቅላን ግን ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው በ16ኛው ምዕራፍ ከባልዋ አስቀድሞ በስሟ ጠርቶ ያመሰግናታል።

የአጵሎስ ፍጻሜ ምን ሆነ? በቆሮንቶስ እጅግ ከመወደዱ የተነሣ ሕዝቡ ተከፍሎ፥ አንዱ የጳውሎስ ነኝ፥ አንዱ የአጵሎስ ነኝ ይል ጀመር። ለአንደበተ ርቱዕ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ፈተና የለም፤ በስሙ የሚጠራ ወገን ቆሞለታልና። ጳውሎስም ራሱን በሚተክል፥ አጵሎስን በሚያጠጣ ገበሬ መስሎ፥ የሚያሳድገው ግን እግዚአብሔር እንደ ሆነ ጻፈላቸው። በዚያው መልእክት በ16ኛው ምዕራፍ፥ ወደ ቆሮንቶስ ይሄድ ዘንድ አጵሎስን እጅግ እንደ ለመነው፥ አጵሎስ ግን በዚያን ጊዜ መሄድን እንዳልወደደ ይናገራል። ክፍፍሉ እንዳይብስ ብሎ ቀረ የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። ይህ ከሆነ፥ በኤፌሶን በድንኳን ሰፊዎች ቤት የተማረው ትምህርት እስከ ቆሮንቶስ ተከትሎታል ማለት ነው። ውኃ የሚያጠጣ ሰው ማጠጣት ያለበትን ጊዜ ያውቃል፤ ውኃው ሥሩን የሚያበሰብስበትንም ጊዜ ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእርሱ ሥራ አይደለምና ዕቃውን አስቀምጦ ይቆማል።